የታሰረ ሰው አለኝ፤ የት ልሂድ? ምንስ ይዤ?

ባለፈው እትም በዚህ ዓምድ ስለ ዋስትና ከጻፍኩ ወዲህ ብዙ መልእክት የደረሰኝ ከእስረኛ ቤተሰብ ነው። እናት፣ ሚስት፣ እህት፣ አብሮ አደግ። ስለ ክርክርና ስለ አንቀጽ አይደለም የሚጠይቁት። የት ነው ያለው? ምን ይዤ ልሂድ? ለምን መለሱኝ? ነው የሚሉት። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉውን ለእነሱ ሰጥቻለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ፣ ማንነት የሚያሳውቀውን ሁሉ አውጥቼ ነው ያቀረብኳቸው።

ከሁሉም በፊት ግን ይሄን ያዙልኝ። የታሰረ ሰው መጠየቅ ጥበቃው ደስ ሲለው የሚውልላችሁ ውለታ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለም ሆነ የተፈረደበት ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘትና የመጎብኘት መብት አለው ይላል። በሩ ላይ ስትቆሙ ይሄን ይዛችሁ ቁሙ። በትሕትና፣ ግን ሳትሸማቀቁ።

«ወንድሜን ትናንት ማታ 2 ሰዓት ላይ ካዛንቺስ ከሚሠራበት ጋራዥ ሲቪል የለበሱ ሰዎች ይዘውት ሄዱ። ስልኩ ዝግ ነው። ጠዋት አጠገባችን ያለው ጣቢያ ሄጄ ‹እዚህ የለም› አሉኝ። እናቴ እህል አልቀመሰችም። ወዴት ልሂድ?»
እህት፣ ከካዛንቺስ

ይህችን እህት በስልክ ወዲያው አናግሬያታለሁ። እዚህ የምደግመው ነገ የሌላ ሰው ቤት ሊንኳኳ ስለሚችል ነው።

እህቴ፣ አንድ ጣቢያ «የለም» ስላለ ወንድምሽ ጠፋ ማለት አይደለም። ሰው ሁልጊዜ በተያዘበት ሰፈር ጣቢያ አይገባም። የያዘው የወረዳ ፖሊስ ሊሆን ይችላል፣ የክፍለ ከተማው መምሪያ ሊሆን ይችላል፣ ፌዴራል ፖሊስም ሊሆን ይችላል። ካዛንቺስ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ስለሆነ ከወረዳው ቀጥሎ የክፍለ ከተማው ፖሊስ መምሪያ ጋ ሂጂ። እዚያ ከሌለ ሜክሲኮ አካባቢ ያለው የፌዴራል ፖሊስ ወንጀል ምርመራ ጋ ጠይቂ። ትልልቆቹ እስካሁን «ማዕከላዊ ይሆናል» ይላሉ። ማዕከላዊ የሚባለው የፖሊስ ምርመራ እስር ቤት በ2010 ዓ.ም. ተዘግቷል፤ ለሱ ጊዜ አታባክኚ።

አጠያየቅሽም ለውጥ ያመጣል። በር ላይ የቆመውን ጥበቃ «ወንድሜ አለ?» ብትዪው ቀላሉ መልስ «የለም» ነው፤ መዝገቡ እሱ ጋ አይደለም ያለው። ተረኛውን መኮንን አገናኙኝ በዪ። የወንድምሽን ሙሉ ስም ከነአያቱ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስጪ። ጋራዡ ውስጥ ሁሉም በቅጽል ስሙ የሚጠራው ልጅ መዝገብ ላይ በዚያ ስም አይገኝም። ስም ተሳስቶ የሚጻፍበት ጊዜም አለ። በስሙ ካጣሽው «ትናንት ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ከካዛንቺስ መጥቶ የገባ ሰው አለ ወይ?» ብለሽ በሰዓቱ አስፈልጊው።

ያገኘሽው ቀን ስንቁን አቀብለሽ ብቻ አትመለሺ። የተያዘበትን ቀንና ሰዓት፣ የተጠረጠረበትን ጉዳይ፣ የመርማሪውን ስምና የመዝገብ ቁጥሩን ጠይቀሽ ደብተር ላይ ጻፊ። ደብተር ያልኩሽ አለነገር አይደለም፤ ስልክሽ በር ላይ ይቀራል።

ሰዓቱን የማስጽፍሽ ለዚህ ነው። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት ይላል። የማይቆጠረው ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ በግምት የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው፣ ካዛንቺስ ለተያዘ ሰው ደግሞ ይሄ ምክንያት አይሆንም። ትናንት ማታ 2 ሰዓት ከተያዘ ነገ ማታ 2 ሰዓት ይሞላል። ቅዳሜና እሁድ ሰዓቱን አያቆሙትም። ስለዚህ መርማሪውን የት ችሎት እንደሚያቀርበው ጠይቂ። አራዳ ምድብ ችሎት ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ምድብም ሊሆን ይችላል። ቀድመሽ ድረሺ። ወንድምሽ ካቴና ታስሮ ሲገባ የሚያውቀው ፊት ማየቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ዳኛውም ቤተሰብ የሚከታተለው ሰው መሆኑን ያያል።

እዚያ ፖሊስ «ምርመራዬን አልጨረስኩም» ብሎ ቀጠሮ ሊጠይቅ ይችላል። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 59 መሠረት አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም። ችግሩ ስንት ጊዜ መሰጠት እንዳለበት ሕጉ አይገድብም፤ እኔ የዚህን ሕግ ትልቅ ቀዳዳ የምለው ይሄን ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቀጠሮ «ባለፉት 14 ቀናት ምን ተሠራ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ጠበቃ ካለ ጠበቃው፣ ከሌለ ወንድምሽ ራሱ ይጠይቅ። ዋስትናም እዚያው ይጠይቅ።

48 ሰዓቱ አልፎ ካልቀረበ ወይም ሁሉም ቦታ «የለም» ካሉሽ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ የሚባል አለ። እስረኛው ራሱ መፈረም የለበትም፤ ሌላ ሰው ስለሱ ሆኖ ማመልከት ይችላል። ፍርድ ቤቱ ያዥውን ጠርቶ «ሰውየውን አቅርብ፣ ለምን እንደያዝከውም አስረዳ» ይላል። ለጠበቃ የሚከፈል ከሌላችሁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ክስ ከተመሠረተ በኋላ ደግሞ የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት አለ።

«ልጄ፣ ጣቢያ የነበረውን ልጄን ቂሊንጦ ወሰዱት። ሲገባ ምን ያደርጉታል? ይመቱት ይሆን? ስኳር አለበት፣ መርፌ ነው የሚወስደው፣ ስለዚህ አይፆምም። ዶሮ ሠርቼ ልወስድለት ብል ‹ራስሽ ቅመሺ ይሉሻል› አሉኝ። እኔ ደግሞ ሁዳዴ ላይ ነኝ።»
እናት፣ ከተክለሃይማኖት

እናቴ፣ አይዞዎት። ቂሊንጦ ጉዳያቸው ያላለቀ፣ ገና በቀጠሮ ያሉ ሰዎች የሚቆዩበት ነው። እዚያ ሄደ ማለት ተፈረደበት ማለት አይደለም። ጎረቤት «ወህኒ ወረደ» ቢል ልብዎ አይሰበር። ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ ሕጉ ልጅዎን የሚያየው እንደ ንጹሕ ሰው ነው። ማረሚያ ቤትም ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሰው አይቀበልም።

ሲገባ መጀመሪያ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ስሙ፣ ዕድሜው፣ አድራሻው፣ በማን ትዕዛዝ እንደመጣ፣ የገባበት ቀንና ሰዓት። አሻራና ፎቶ አለ። ፍተሻ አለ። ስልክ፣ ሰዓት፣ ቀለበት፣ ቀበቶ፣ የያዘው ብር ይወሰድና ይመዘገባል። ሲፈርም ዝርዝሩን አንብቦ ይፈርም፤ ሲወጣ የሚመለስለት የተጻፈው ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ2008 ዓ.ም. ያጸደቃቸው የማንዴላ ሕጎች የሚባሉት ሰው ሲገባ ሰውነቱ ላይ የሚታይ ጉዳት ካለ እንዲመዘገብ፣ የሚጠራ የቤተሰብ ሰው እንዲጻፍና ቶሎ በሐኪም እንዲታይ ይላሉ። የእኔ ምክር፣ ልጅዎ የሁለት ሰው ስልክ ያስመዝግብ። የእርስዎ ስልክ ባትሪ ቢዘጋ ሌላ ሰው ይገኝ።

«ይመቱት ይሆን?» ላሉት፣ ሕገ መንግሥቱ ጭካኔና ሰብአዊ ያልሆነ አያያዝን ይከለክላል። ይሄ ክልከላ ግን እንዲሠራ የእናት ዓይን ያስፈልገዋል። ሲያገኙት ፊቱን፣ እጁን፣ አካሄዱን ይዩ። ያስደነገጠዎት ነገር ካለ በር ላይ አይጩኹ። ቀኑን ያስጽፉ፣ ለጠበቃው ይንገሩ፣ ልጅዎም በቀጠሮው ቀን ለዳኛው ይናገር። ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም አቤት ማለት ይችላሉ፤ ማረሚያ ቤቶችን እየሄደ የማየት ሥልጣን አለው። ክፍል ውስጥ ደግሞ አዲስ ገቢን «የሻማ» ብለው ብር የሚጠይቁ እስረኞች ሊኖሩ ይችላሉ። ይሄ ሕግ አይደለም። ከአቅም በላይ ከሆነ ወይም ማስፈራራት ካለበት ለዞኑ ኃላፊ መነገር አለበት።

አሁን ወደ ስኳሩ ልምጣ፤ ከዶሮው የሚቀድመው እሱ ነው። መድኃኒት ከምግብ ጋር ፌስታል ውስጥ ከተው አይላኩ። ይያዛል፣ ልጁም ይጠረጠራል። የሆስፒታል ካርዱን ኮፒ፣ የሐኪሙን ወረቀትና መድኃኒቱን ከነማሸጊያው ይዘው ለማረሚያ ቤቱ ክሊኒክ እንዲደርስ ይጠይቁ። ወረቀቱ ላይ የኢንሱሊኑ ዓይነት፣ ስንት ዩኒት፣ በስንት ሰዓት የሚለው በግልጽ ይጻፍ። ሙቀት እንዳያበላሸው የት እንደሚቀመጥም ይጠይቁ። መርፌውን ወስዶ ምግብ ከዘገየበት ስኳሩ ይወርዳል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይፈዛል። ይሄን አጠገቡ የሚያድሩት ሰዎች ይወቁት። ከረሜላም ከኪሱ አይጥፋ። የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይም ለፍርድ ቤቱ «የስኳር ሕመምተኛ ነኝ» ብሎ ያስመዝግብ፣ ምክንያቱም አንዴ መዝገብ ላይ ከገባ በኋላ ማንም «አላወቅንም ነበር» ማለት አይችልም።

ምግቡ በር ላይ ይፈተሻል። እንጀራው ተገልጦ ይታያል፣ ወጡ በማንኪያ ይማሰላል፣ ዳቦው መሐል ለመሐል ይቆረጣል። ስለዚህ ቀለል አድርገው ይሥሩ። ወጡን ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ፕላስቲክ ዕቃ፣ እንጀራውን ለብቻው። ጠርሙስና ብርጭቆ ይቅር። ዶሮውን አጥንቱን አውጥተው ቢወስዱት ፍተሻው ይፈጥናል። «ቅመሺ» መባሉም እውነት ነው፤ ምግቡ ውስጥ ምንም አለመኖሩን ለማረጋገጥ ነው የሚያስቀምሱት። ሁዳዴ ላይ ያሉ እናት ዶሮ ቅመሺ ሲባሉ ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባኛል፤ በረመዳን ፆመኛ እናቶችንም የሚገጥማቸው ይሄው ነው። ቀላሉ መፍትሔ የማይፆም ሰው ይዘው መሄድ ነው፣ እሱ ይቅመስ። ሰው ካጡ የዚያን ቀን ምስርና ጎመን ይውሰዱለት፤ ለስኳሩም አይከፋም።

ልብስ ሲወስዱ የወታደር ልብስ የሚመስል ነገር አይሁን። ብርድ ልብስ፣ ሳሙና፣ ነጠላ ጫማ፣ የውስጥ ልብስ ይበቃል። ገንዘብ በእንጀራ መሐል ደብቆ የሚልክ ሰው አለ፤ በፍጹም እንዳያደርጉት። በሚመለከተው ክፍል በኩል ይስጡ፣ ደረሰኝ ይቀበሉ።

ስለ መንገዱም ልንገርዎ። ድሮ እስር ቤቱ ከርቸሌ ሳለ የተክለሃይማኖት ሰው ስንቁን ይዞ በእግሩ ደርሶ ይመለስ ነበር። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል፣ እስረኛውም ወደ ከተማው ጫፍ ሄዷል። ከስታዲየም ባቡሩ ቃሊቲ ያደርስዎታል፤ ከዚያ ወደ ቂሊንጦ በታክሲ ነው። የልጅዎን ዞን ሳያውቁ እንዳይሄዱ። የጥየቃ ቀኑ እንደየዞኑ ይለያያል፣ በበዓል ሰሞንም ይቀየራል። አንድ ቀን ቀድሞ የጠየቀ ሰው ካለ ደውለው ያረጋግጡ። መታወቂያዎ ጊዜው ያላለፈበት ይሁን፤ ያ ሁሉ መንገድ ተሄዶ በመታወቂያ መመለስ ያሳዝናል።

«አብሮ አደጌ ቃሊቲ ነው። ዘመድ አይደለሁም። እናቱ ገጠር ናቸው፣ ሌላ ሰው የለውም። ያስገቡኛል?»
ከአራት ኪሎ

ወንድሜ፣ አዎ። አንቀጽ 21 ጓደኛን በስሙ ጠርቶታል። ጓደኛህ የጠያቂዎቹን ስም ዝርዝር እንዲያስመዘግብ ከተጠየቀ የአንተን ስም ልክ መታወቂያህ ላይ እንዳለው ያስጽፍ። በር ላይ «ምኑ ነህ?» ሲሉህ «ወንድሙ ነኝ» አትበል፤ የአባት ስም ሲያመሳክሩ ውሸታም ትሆናለህ። «ጓደኛው ነኝ፣ ቤተሰቡ ሩቅ ነው» በል። እናቱንም በስልክ አዳርሳቸው፤ አየሁት ስትላቸው ነው የሚያምኑት።

«ባለቤቴ ጣቢያ ምርመራ ላይ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምግቡን ብቻ እየተቀበሉ ‹ምርመራው ሳያልቅ አታዪውም› ይሉኛል። አንድ ቀን ደግሞ ፈታሿ ሰው ፊት ልብሴን አስወልቃ አዋረደችኝ። ለማን ይነገራል?»
ሚስት፣ ከልደታ

እህቴ፣ ይሄ ደብዳቤ አናዶኛል፣ አልደብቅሽም። «ምርመራ ላይ ነው» የሚለው ቃል አንቀጽ 21 ውስጥ የለም። በተግባር ግን በብዙ ጣቢያ ይባላል፣ ሰውም ሰምቶ ይመለሳል። አትመለሺ። መጀመሪያ ለጣቢያው ኃላፊ አጭር ማመልከቻ ጻፊ፤ ባለቤቴን ከዚህ ቀን ጀምሮ እንዳላይ ተከልክያለሁ፣ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ ብለሽ። ኮፒው ላይ አስፈርመሽ ያዢ። አንፈርምም ካሉ ያመጣሽበትን ቀን፣ ሰዓትና የተቀበለሽን ሰው ጻፊ።

ቀጥሎ ዋናው ቦታ ችሎት ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ባለቤትሽ ወይም ጠበቃው «ቤተሰቤ እንዳይጠይቀኝ ተከልክያለሁ» ብሎ ለዳኛው ያመልክት። ዳኛው ትዕዛዝ ከሰጠ ግልባጩን ከመዝገብ ቤት አውጪና ይዘሽ ሂጂ። ወረቀት ያለው ሰው በር ላይ ሌላ ዓይነት መልስ ነው የሚያገኘው። ጠበቃውን ማግኘት ጨርሶ አይከለከልም። ፖሊስ እያያቸው ማውራት ይችላሉ፣ ፖሊስ እየሰማቸው ግን አይሆንም።

እስከዚያው ድረስ ከምሳ ዕቃው ጋር ንጹሕ ልብስ ላኪና ያደፈውን መልሱልኝ በዪ። እጥባለሁ ብለሽ። ቤት ወስደሽ ሳታጥቢው በብርሃን እዪው። ቅዳጅ ወይም የደም ምልክት ካለበት እንዳለ አስቀምጪው፣ ፎቶ አንሺው፣ ለጠበቃው አሳዪ። ምሳ ዕቃውም ሲመለስ ተበልቶ እንደሆነ እዪ። እሱን ባታገኚውም ስለሱ የምታውቂው ነገር ይኖራል።

ስለ ፍተሻው፣ ሴትን ሴት ነው የምትፈትሻት፣ ያውም ከሰው ዓይን በተከለለ ቦታ። ያነሳኋቸው የማንዴላ ሕጎች የጠያቂ ፍተሻ አዋራጅ መሆን የለበትም ይላሉ። አልፈተሽም ማለት ትችያለሽ፣ ግን የዚያን ቀን ጥየቃው ይቀራል፤ ይሄንን አውቀሽ ወስኚ። የደረሰብሽን ለኃላፊው በጽሑፍ አመልክቺ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ እነሱም ጋ ሂጂ። አንዳንዷ እህት «ነገሩን ካካረርኩ በሱ ላይ ይወጡበታል» ብላ ዝም ትላለች። ፍርሃቱ ይገባኛል። እኔ ያየሁት ግን ማንም የማይከታተለው እስረኛ ነው ይበልጥ የሚጎዳው።

«የስድስት ዓመት ልጄን አባቷ ጋ ልውሰዳት ወይስ ‹ውጭ አገር ሄዷል› ልበላት?»
እናት፣ ከፒያሳ

ውሰጃት። ውጭ አገር ሄደ አትበያት፤ ሰፈር ውስጥ ሌላ ልጅ ነው እውነቱን የሚነግራት፣ ያኔ አንቺንም አታምንሽም። ከመሄዳችሁ በፊት የምታየውን ንገሪያት፦ በር አለ፣ ፖሊስ አለ፣ ቦርሳችንን ያያሉ፣ አባባን ግን ማቀፍ ላንችል እንችላለን። አጥሩ ማዶና አጥሩ ወዲህ ያለው ሰው እኩል ሲጮህ ድምፅ አይሰማም፣ ልጅ ይደነግጣል። ስለዚህ ሰው ሳይበዛ በጠዋት ግቡ፣ የሥራ ቀን ጥየቃ ካለ የሥራ ቀን ይሻላል። የልደት ወረቀቷን ኮፒ ያዢ። ሥዕል ሥላ ከሆነ ይዛ ትሂድ። ስትመለሱ ካለቀሰች አባብያት፤ አትወቅሻት። መሄድ አልፈልግም ካለችም አታስገድጃት፣ ሌላ ቀን አለ።

«ስልክ ተደውሎ ‹ባልሽ ታሞ ሆስፒታል ገብቷል፣ ለመድኃኒት በቴሌብር ላኪ› አሉኝ። ላክሁ፣ ውሸት ሆነ። ሌላም ጣጣ አለብኝ፤ የባንክ ደብተሩም የቤት ውሉም በሱ ስም ነው።»
ከመርካቶ

እህቴ፣ ሌላ ሰውም እንዳይበላ ይሄን ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። ደዋዩ የባለቤትሽን ስም ማወቁ ምንም አያረጋግጥም። ስሙን ችሎትም ሰልፍም ላይ የሰማ ሰው ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣ ብር አትላኪ፣ የትኛው ሆስፒታል፣ የትኛው ዋርድ ብለሽ ጠይቂና በአካል ሂጂ ወይም በማረሚያ ቤቱ አስተዳደር በኩል አረጋግጪ። እስረኛ በጠና ሲታመም ቤተሰብ እንዲያውቅ ማድረግ የአስተዳደሩ ግዴታ ነው፤ ሕክምናውም ቢሆን በቴሌብር አይሰበሰብም። የተላከበትን ቁጥርና ደረሰኙን ይዘሽ ለፖሊስ አመልክቺ።

ለባንኩና ለቤቱ ውክልና ያስፈልግሻል። ውልና ማስረጃ ለታመሙና ለታሰሩ ሰዎች ከቢሮ ውጪ አገልግሎት ይሰጣል፤ ባለሙያው ማረሚያ ቤት ሄዶ ያስፈርመዋል። ውክልናው ውስጥ ባንክ ገንዘብ ማውጣት፣ ኪራይ መቀበል፣ ውል ማደስ የሚሉት አንድ በአንድ ይጻፉ። «ማንኛውንም ጉዳይ» የሚል ጥቅል ቃል ብቻ ካለበት ባንክ ይመልስሻል። መሸጥን ካልተማመናችሁበት አታስገቡት።

«አባቴ የ9 ዓመት ፍርደኛ ነው፣ ዝዋይ አዛውረውታል። አንድ ሰው ‹40 ሺህ ብር ስጡኝ፣ በአመክሮ አስፈታዋለሁ› አለን። እናቴ ወርቋን ልትሸጥ ነው።»
ልጅ፣ ከጎላ ሚካኤል

ወርቁ እንዳይሸጥ። ዛሬውኑ እናትህን አስቁማት።

አመክሮ በብር አይገዛም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 202 መሠረት ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ፣ ጠባዩ መልካም የሆነና የበደለውን በአቅሙ የካሰ እስረኛ ነው በአመክሮ የሚለቀቀው። አባትህ 9 ዓመት ከሆነ ሁለት ሦስተኛው 6 ዓመት ነው። ከፍርዱ በፊት ጣቢያና ቂሊንጦ የቆየበት ጊዜም ይታሰብለታል። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራችሁ የተያዘበትን ቀን ከፍርዱ ግልባጭ ላይ አይቶ ማስላት ነው። ያ ሰውዬ ጊዜው ሊደርስ ሲል መጥቶ በራሱ ጊዜ የሚሆነውን ነገር እየሸጠላችሁ ሊሆን ይችላል፤ ጊዜው ካልደረሰ ደግሞ ማንም ሊያደርግላችሁ የማይችለውን። ይቅርታ ሌላ ነው። ጥያቄው ለይቅርታ ቦርድ ይቀርባል፣ የሚሰጠው ፕሬዚዳንቱ ናቸው፣ ደላላ ግን የለውም። ማመልከቻውን አባትህ ራሱ ወይም እናንተ ቤተሰቡ ማስገባት ትችላላችሁ።

ዝዋይን በተመለከተ፣ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በየሳምንቱ አይቻልም። በተቻለ መጠን እስረኛ ቤተሰቡ አጠገብ ይቆይ የሚለው መርሕ የማንዴላ ሕጎች ውስጥ አለ፣ ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ እንዲመለስ ለፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ኮሚሽን ማመልከት ትችላላችሁ። የእናትህ ዕድሜና ሕመም ካለ የሐኪም ማስረጃ አያይዙበት። እስኪመለስ ድረስ አንድ ከተማ የሚሄዱ ቤተሰቦች ተራ ገብተው የሁሉንም ልብስና ስንቅ በአንድ ሰው ቢልኩ ወጪው ይቀላል፤ ሌሎቹን ቤተሰቦች የምታገኛቸው እዚያው የጥየቃ ሰልፉ ላይ ነው። ጠዋት ቀድመህ ድረስ፣ ስልካቸውን ተቀበል። ከዚያ በፊት ግን የዛሬ ሥራህ አንድ ነው፤ የ40 ሺህ ብሩን ሰውዬ ስልኩን አታንሳለት።